ኤፍኤልቪ የሚለው ፋይል ለምን አልከፈት አለ?

አሮጌ ኮምፒውተር የከፈተ ሰው ውስጡ የሚያገኘው ነገር ይታወቃል። የማን እንደሆነ የተረሳ ፎቶ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ደግሞ «ቪዲዮፕሌይባክ»፣ «ቪዲዮፕሌይባክ 2»፣ «ቪዲዮፕሌይባክ 3» እያለ የሚሰለፍ ፋይል። ጭራው ላይ ኤፍኤልቪ ይላል። ጠቅ ጠቅ ሲደረግ ዊንዶውስ «በምን ልክፈተው?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ስልክ ላይ ከተገለበጠ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋለሪው ጭራሽ አያሳየውም።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ስለዚህ ፋይል ስጠየቅ የምሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ተበላሽቷል ተባልኩ» ይላል። ሌላው «ዘመኑ አልፎበታል፣ አጥፋው ተባልኩ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። የሞተው ማጫወቻው እንጂ ፋይሉ አይደለም። ውስጡ ያለው ምስልና ድምፅ ብዙ ጊዜ እንደተቀመጠ ነው፤ ማውጣቱም ከባድ አይደለም። ከባዱ ሳያበላሹ ማውጣቱ ነው። ለዚያ ደግሞ ፋይሉ ምን እንደሆነ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤፍኤልቪ ማለት ፍላሽ ቪዲዮ ነው። ኪስ ውስጥ ከሚያዘው ፍላሽ ጋር ዝምድና የለውም። ይህኛው ፍላሽ ማክሮሚዲያ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ያሳደገው፣ ብሮውዘር ላይ እየተጨመረ የሚሠራ ማጫወቻ ነበር። መጀመሪያ የተፈለገውም ለቪዲዮ አይደለም፤ ድረ ገጽ ላይ ለሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች፣ ለማስታወቂያና ለትንንሽ ጌሞች ነው። ቪዲዮ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በቀጣዩ ዓመት ኤፍኤልቪ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ፋይል ሆኖ መጣ። በ2005 መጨረሻ ላይ ማክሮሚዲያን አዶቢ ጠቅልሎ ገዛው። የፎቶሾፑ አዶቢ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ማየት ጣጣ ነበር። አንዱ ድረ ገጽ ሪልፕሌየር ጫኑ ይላል፣ ሌላው ዊንዶውስ ሚዲያ፣ ሌላው ክዊክታይም። ቪዲዮው በራሱ መስኮት ይከፈታል፤ ካልተከፈተም ለምን እንዳልተከፈተ የሚናገር የለም። ፍላሽ ግን በጌሙና በማስታወቂያው ሰበብ አብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ቪዲዮውን እዚያው ገጹ ላይ፣ ከጽሑፉ ጎን ያጫውታል። ዩቲዩብ በ2005 ሲጀምር ይህችን ዕድል ነው የተጠቀመባት። በቀጣዩ ዓመት ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እኔ እንደሚመስለኝ ኤፍኤልቪ ያሸነፈው በጥራቱ አይደለም። ቀድሞ ቤቱ ገብቶ ስለተገኘ ነው።

በእኛ በኩል የኤፍኤልቪ ዘመን የኢንተርኔት ቤት ዘመን ነው። ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር አሠራሩ አንድ ነበር። ሒሳቡ በደቂቃ ነው። ሰው ቪዲዮውን ይከፍታል፣ ወዲያው ፖዝ ያደርገዋል፣ የመጫኛዋ መስመር ቀስ እያለች እስክትሞላ ሌላ ገጽ ላይ ኢሜይሉን ያያል። መብራት ከሄደ እንደገና ከዜሮ። ከሞላ በኋላ ግን የገባው ልጅ አንድ ዘዴ ያውቃል። ብሮውዘሩ ያወረደውን ሙሉ ፋይል ኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦታል። ከዚያ ፈልጎ ማውጣትና ኪስ ውስጥ በሚያዘው ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው። አንዳንዱ ብሮውዘር ጭራ የሌለው ስም ይሰጠዋል፤ ያኔ በእጅ ኤፍኤልቪ የሚል ጭራ ይጨመርለታል። «ቪዲዮፕሌይባክ» የሚለውንም ስም ሰው አላወጣውም። ዩቲዩብ ቪዲዮውን ሲልክ የሚሰጠው የወል ስም ነው። ለዚህ ነው የሁሉም ሰው ዲስክ ላይ የሚገኘው።

አሁን ከፍተን ስናየው የሚያስደነግጠን ድብዝዝታው ነው። «ያኔ እንዲህ ነበር እንዴ የምናየው?» ያስብላል። አዎ፣ እንዲህ ነበር። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ወርዳቸው 320፣ ቁመታቸው 240 ፒክስል ነበር። ሲባዛ 76,800 ፒክስል ይሆናል። አንዱን ፒክስል በቀለሙ ለመጻፍ 3 ባይት ቢወስድ፣ አንዱ ምስል 230,400 ባይት ነው። በሴኮንድ 25 ምስል ካለፈ ወደ 5.76 ሜጋባይት በሴኮንድ ደረስን። የ4 ደቂቃ ዘፈን እንዳለ ቢቀመጥ 1.4 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል ማለት ነው። 700 ሜጋባይት የሚይዝ ሲዲ ሁለት ይሞላል፤ ድምፁን ገና ሳንጨምር።

ያው የ4 ደቂቃ ዘፈን ግን በሴኮንድ 300 ኪሎቢት (8 ቢት አንድ ባይት ነው) ሆኖ በኤፍኤልቪ ሲቀመጥ 9 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከ150 እጅ አንዱ። ያም ሆኖ በስልክ መስመር በሚሠራ የ56 ኪሎቢት ግንኙነት፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆራረጥ፣ ለማውረድ 21 ደቂቃ ግድም ይፈጃል። የማይቆራረጥ መስመር ደግሞ የት ተገኝቶ። ድምፁም ቢሆን ተቆርጧል፦ አንድ ቻናል ብቻ ያለው ኤምፒ3፣ በሴኮንድ 22,050 ናሙና፣ ማለትም ከሲዲው ግማሽ። ማሲንቆው ከጆንያ ውስጥ የሚመጣ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ይህን ያህል ቅነሳ ከየት ይመጣል? ሥራውን የሚሠራው ኮዴክ የሚባለው ነገር ነው። ኮዴክ ማለት ምስልን የማሳጠሪያና መልሶ የመዘርጊያ ስልት ነው። ኤፍኤልቪ መጀመሪያ ላይ የተጠቀመው ሶረንሰን ስፓርክ የሚባለውን ነው። ይህ ኮዴክ ለቪዲዮ ስልክ ጥሪ ከተዘጋጀው ኤች.263 ከሚባል ስልት የተቀዳ ነው። ዘዴው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይቀመጣል፤ ቁልፍ ፍሬም ይባላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ምስሎች ካለፈው የተለየውን ብቻ ይጽፋሉ። ለማነጻጸር እንዲመች ምስሉ 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ሣጥኖች ይከፈላል። በ320 በ240 ምስል ውስጥ 300 ሣጥን አለ።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የሠርግ ጭፈራ ያለበት የድሮ ኤፍኤልቪ ካላችሁ ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ክፈቱትና የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ፊደል እየተጫናችሁ ምስል በምስል አስኪዱት። ከኋላ ያለው ድንኳን አይነቃነቅም። ኮዴኩ «እዚህ ጋ ያው ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ባይት አያወጣበትም። ፊት ያሉት ግን እስክስታ እየመቱ ነው። ትከሻው በየምስሉ ሌላ ቦታ ነው። የተመደበው 300 ኪሎቢት ለዚያ ሁሉ እንቅስቃሴ አይበቃም። ስለዚህ ትከሻው አካባቢ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ብቅ ብቅ ይላሉ። የነጠላው ጥለት ይሟሟል። ፊትና አንገት ይቀላቀላሉ። ጨፋሪው ትንፋሽ ሊወስድ ጋብ ሲል ምስሉ ቀስ ብሎ መልሶ ይጠራል። ድንገት ደግሞ ያ ዝም ብሎ የቆየው ድንኳን እንኳ ብልጭ ብሎ ይታደሳል፤ አዲስ ቁልፍ ፍሬም ደረሰ ማለት ነው።

ካሜራማኑን በዚህ መውቀስ ግፍ ነው። ለጎጃም እስክስታ የማይሆን ኮዴክ ፈልጉ ብትባሉ ከዚህ የባሰ አታገኙም። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ንግግር የሚያደርግ ሰው ቪዲዮ ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው መጠን፣ ደህና ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ኤፍኤልቪ ራሱ ኮዴክ አይደለም። ኤፍኤልቪ አገልግል ነው። አገልግል ውስጥ ዶሮም ሊኖር ይችላል፣ ሽሮም፤ ክዳኑ ሳይነሣ አይታወቅም። እንደዚሁ በአንድ ኤፍኤልቪ ውስጥ ሶረንሰን ይኖራል። በሌላው ውስጥ ቪፒ6 አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣና ከሶረንሰን የተሻለ ኮዴክ ነው። በ2007 መጨረሻ ደግሞ ኤች.264 ገባ። ይህ አሁንም ስልካችን የሚቀርጽበት፣ ቴሌግራም የሚልክልን ኮዴክ ነው። ጭራቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ፋይሎች አንዱ ተከፍቶ ሌላው እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጭራው የሚናገረው ስለ መያዣው ብቻ ነው።

ጭራውን ኤምፒ4 ብሎ መቀየርም ምንም አይለውጥም። አንዳንድ ማጫወቻ ስሙን ትቶ ውስጡን አይቶ ይከፍተዋል፤ ያኔ «ኮንቨርት አደረግኩት» ብሎ የሚደሰት ሰው አይጠፋም።

መያዣው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ደስ ይላል፤ በጣም ቀላል ነውና። ፋይሉ የሚጀምረው በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፦ ኤፍ፣ ኤል፣ ቪ። ኖትፓድ ላይ ቢከፈት ከዝብርቅርቁ ሁሉ በፊት እነዚህ ሦስት ፊደላት ይታያሉ። ሴቭ እንዳታደርጉት ብቻ። ጭራ የሌለው ፋይል አግኝታችሁ ምንነቱ ከጠፋባችሁ ይህ ቀላሉ መለያ ነው። ከፊደላቱ ቀጥሎ የእትም ቁጥር፣ ቀጥሎ ድምፅና ምስል አለው ወይ የሚለውን የምትናገር አንዲት ባይት፣ ከዚያ የመግቢያው ርዝመት። ሁሉም ተደምሮ 9 ባይት ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 11 ባይት የሆነ ግንባር አለው። ግንባሩ ላይ ዓይነቱ ይጻፋል፦ 8 ከሆነ ድምፅ፣ 9 ከሆነ ምስል፣ 18 ከሆነ መግለጫ። መጠኑም፣ በስንተኛው ሚሊሴኮንድ እንደሚጫወትም አብሮ ይጻፋል። ድምፅ፣ ምስል፣ ድምፅ፣ ድምፅ፣ ምስል... እንዲህ እየተቀያየረ ይሄዳል። ማጫወቻው ከፊት እያነበበ ሰዓቱ የደረሰውን ማሳየት ብቻ ነው ሥራው። የቀረው ገና እየወረደ ቢሆን ግድ የለውም። ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብለን መጀመሪያውን እያየን መጨረሻው የሚወርድልን በዚህ ጠባዩ ነው።

ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ ትርጉሙ ብዙ ነው። ኤምፒ4 ሲቀረጽ ምን የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ቀረጻው ሳይዘጋ መብራት ከሄደ ማውጫው አይጻፍም። ሁለት ሰዓት የተቀረጸ ፋይል ዲስኩ ላይ ቦታ ይዞ ይገኛል፣ ግን አይከፈትም። ኤፍኤልቪ እንዲህ ያለ ማውጫ አይፈልግም። መብራት የሄደበት ደቂቃ ድረስ ያለው በሙሉ ይጫወታል፤ የሚጠፋው የመጨረሻው ቁራጭ ነው። ኦቢኤስ የሚባለው የቀረጻና የቀጥታ ስርጭት ፕሮግራም ለዓመታት ቀረጻን በኤፍኤልቪ ያስቀምጥ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የተማሪዎቻቸውን በዓል የያዘ ፋይል አምጥተው፣

«ልጄ፣ ይጫወታል እኮ። መሐሉን ልይ ስለው ነው አልሄድ የሚለኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ማውጫ የለውም፤ መሐሉ የት እንደሆነ አያውቅም» አልኳቸው።

«ታዲያ የእኔ ተራ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ልቀመጥ?»

እውነታቸውን ነው። ኤፍኤልቪ መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጠው መግለጫ ቁራጭ አለ፤ የቪዲዮው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት የሚጻፍበት። ቁልፍ ፍሬሞቹ የት የት እንዳሉም እዚያ ሊጻፍ ይችላል፤ ግን ግዴታ አይደለም። ከተጻፈ እንደፈለጉ መዝለል ይቻላል። ካልተጻፈ ማጫወቻው ርዝመቱን ዜሮ ብሎ ያሳያል፣ ወደፊት ሲገፉት መልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል ወይም ቆሞ ይቀራል። ፋይሉ ግን ምንም አልሆነም። ከመያዣው ወደ ሌላ መያዣ ሲዛወር ማውጫው አዲስ ይሠራለታል፤ ችግሩም እዚያው ያበቃል። የመምህሩን እንዲህ አድርገን ተራቸው ላይ ደርሰንላቸዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለው ለምን ሞተ? የፍላሽ ቀብር ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን ጨርሶ አላስገባም። በኤፕሪል 2010 የአይፎን ሠሪው የአፕል ኃላፊ ስቲቭ ጆብስ ምክንያቱን በግልጽ ደብዳቤ ዘረዘረ፦ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው፣ የደኅንነት ቀዳዳ አለበት፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ለጣት ንክኪ አልተሠራም። ያኔ ብዙ ሰው የነጋዴ ጠብ ነው ብሎት ነበር። ጠብም ነበረበት። ነገር ግን ስለ ቀዳዳው የተናገረው አልተሳሳተም። በኖቬምበር 2011 አዶቢ ራሱ የሞባይሉን ፍላሽ ማሳደግ አቆመ። በዚህ መሐል ኤችቲኤምኤል5 የሚባለው አዲሱ የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ መጣ፤ ብሮውዘሩ ማንንም ሳይለምን ቪዲዮ በራሱ ማጫወት ቻለ። በጃንዋሪ 2015 ዩቲዩብም ወደዚያ ተሻገረ። አዶቢ በጁላይ 2017 ቀኑን ቆረጠ፦ የ2020 የመጨረሻዋ ቀን። ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ማጫወቻው ተጭኖ ቢገኝ እንኳ ይዘት አላጫውትም እንዲል ተደረገ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 4 ቀን 2013 ነው፤ ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው።

ለዚህ ነው አሁን «ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ሲል ሁለት ጊዜ ማሰብ የማያስፈልገው። የሚታደስ ፍላሽ የለም። የሚወርደው ነገር ቫይረስ ነው ብላችሁ ዝጉት። ጭራው ኤፍኤልቪ መስሎ ከኋላው ሌላ ጭራ የደበቀ ፋይልም አለ። ዊንዶውስ የታወቁ ጭራዎችን የመደበቅ ልማድ ስላለው፣ «ሠርግ ነጥብ ኤፍኤልቪ» ተብሎ የሚታየው በእውነቱ «ሠርግ ነጥብ ኤፍኤልቪ ነጥብ ኢኤክስኢ» ሊሆን ይችላል። ይህ ቪዲዮ አይደለም፤ ፕሮግራም ነው። የፎልደሩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ጭራዎችን ግልጥ ማድረግ ለማንም ሰው የምመክረው ነገር ነው።

የሚገርመው ኤፍኤልቪ ከዓይን ጠፋ እንጂ ሥራ አልፈታም። ከባሕር ዳር ሠርግ በቀጥታ አሜሪካ ላሉ ዘመዶች በዩቲዩብ ወይም በፌስቡክ ሲተላለፍ፣ ከካሜራው ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፑ ወደ ኩባንያው የሚሄደው መንገድ ብዙ ጊዜ አርቲኤምፒ ነው። ኦቢኤስ ላይ አድራሻ ስታስገቡ በዚህ ስም ሲጀምር አይታችሁ ይሆናል። አርቲኤምፒ ከዚያው ከፍላሽ ቤት የወጣ ነው። በውስጡ የሚጓዙት ቁርጥራጮችም ያው ናቸው፦ 8 ድምፅ፣ 9 ምስል፣ 18 መግለጫ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ እንደ ኤቪ1 ያሉ አዳዲስ ኮዴኮችን እንዲሸከም ተደርጎ ተሻሽሏል። ቻይና ውስጥ ደግሞ ቢሊቢሊ የተባለው የቪዲዮ ድርጅት ኤፍኤልቪን ያለ ፍላሽ፣ በተራ ብሮውዘር የሚያጫውት መሣሪያ ሠርቶ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል።

ከኤፍኤልቪ ጋር የሚምታቱ ሁለት ዘመዶችም አሉ። አንዱ 3ጂፒ ነው። ሞባይል ቤት ሜሞሪ ላይ የሚጫነው የድሮ ክሊፕ ብዙው እሱ ነበር። ለስልክ የተሠራ መያዣ ነው፤ ብዙዎቹም ወርዳቸው 176፣ ቁመታቸው 144 ፒክስል ነው። አሁን ያሉ ስልኮች አብዛኞቹ ያለ ችግር ይከፍቱታል። ሌላው ኤስደብሊውኤፍ ነው። ይህኛው ቪዲዮ ሳይሆን የፍላሽ ፕሮግራም ነው፤ ጌም፣ የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ የትምህርት ሲዲ ላይ ያለ ልምምድ። በቪኤልሲ አይከፈትም። ለሱ ረፍል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሽን አስመስሎ ያጫውተዋል።

እንግዲህ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ካለ፣ መጀመሪያ በቪኤልሲ ሞክሩት። ያቺ ብርቱካናማ የመንገድ ኮን ምልክት ያላት ናት፤ ነፃ ነች፣ ስልክ ላይም አለች። ለማየት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ሥራው እዚህ ላይ አልቋል፤ ምንም መቀየር አያስፈልግም።

ለሰው መላክ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ክዳኑን አንሡ። ቪኤልሲ ላይ እየተጫወተ «ቱልስ» ውስጥ ገብታችሁ «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ተጫኑ። ኤች.264 ወይም ኤቪሲ (ሌላ ስሙ ነው) የሚል ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ምስሉ ሳይነካ ከኤፍኤልቪ ወደ ኤምፒ4 መያዣ ማዛወር ይቻላል። ሪማክስ ይባላል። ኦቢኤስ ከፋይል ሜኑው ሥር ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አለው። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን የምታውቁ ደግሞ «ኮዴኩን ቅዳ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡት። በሴኮንዶች ያልቃል፤ ከጥራቱም ቅንጣት አይቀንስም።

ኤፍኤልቪ1 (ሶረንሰን ማለት ነው) ወይም ቪፒ6 ካለ ነገሩ ይለያል። እነዚህን ኤምፒ4 ውስጥ መክተት አይሆንም። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ኤምኬቪ ወደሚባለው መያዣ እንዳለ ማዛወር ነው፤ ጥራቱ አይነካም፣ መዝለሉም ይስተካከላል፣ ስልኩ ግን ላይከፍተው ይችላል። ሌላው ወደ ኤች.264 መለወጥ ነው፤ የትም ይከፈታል፣ ግን የተቆረጠው ነገር እንደገና ይቆረጣልና ከጥራቱ ትንሽ ይሄዳል። እኔ ሁለተኛውን አደርጋለሁ፤ ዋናውን ግን አስቀርቼ።

ኮንቨርት የሚያደርግ ቤት ከወሰዳችሁት «ኤችዲ አድርግልኝ» አትበሉ። 320 በ240 የነበረ ምስል 1920 በ1080 ሲደረግ፣ እውነተኛ ከሆነችው አንድ ፒክስል ጎን 26 ፒክስል ከየትም መፈብረክ አለበት። ፋይሉ ይወፍራል፣ ብሩም ይከፈላል፣ ትከሻው እንደደበዘዘ ነው። መጠኑን እንዳለ ተዉትና ኮዴኩን ብቻ እንዲለውጥላችሁ ንገሩት።

አዲሱ ፋይል ሲመጣ መጀመሪያውን ብቻ አይታችሁ አትርኩ። መሐሉን እዩ፣ መጨረሻውን እዩ። ድምፁ ከከንፈር ጋር መሄዱን ተመልከቱ፤ ሲለወጥ የሚዛባው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ደግሞ የሚታወቀው ወደ መጨረሻው ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ በኋላም አሮጌውን ኤፍኤልቪ አታጥፉት። 9 ሜጋባይት አጥፍታችሁ ምን ቦታ ልታተርፉ።